የዘይነባ ጣውንት

ደወሉ ሲጮኽ ዘይነባ ከፍራሹ ላይ ብድግ አለች። ሀዘንተኛ ተቀምጦ ነው የሚቀበለው ብለው ደጋግመው ቢነግሯትም ሰው በገባ ቁጥር እግሯ አላርፍ ይላታል።

«ምነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ እንጂ» አለቻት ጎረቤቷ ኡሙልኸይር፣ ለለቀስተኛው ቴምር እያዞረች።

የገቡት ሁለት የመንሱራ ሰፈር ሴቶች ነበሩ። ዘይነባ ኒቃባቸውን እስኪገልጡ ጠብቃ፣ የምታውቃቸው መሆናቸውን ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች። ዛሬ የለቅሶው የመጨረሻ ቀን ነው። ያቺ ሴት ካለች ዛሬ ሳትመጣ አትቀርም። ያቺ ሴት ማለት፣ ሟቹ ባሏ ባህሩ እዚሁ ዐረብ አገር፣ ራውዳ ሰፈር ውስጥ ደብቆ አግብቷታል ብላ የጠረጠረቻት ናት። መልኳንም ስሟንም አታውቅም፤ መኖሯንም በእርግጥ አታውቅም። ዕረፍት የነሳት ይኸው ነው።

ባህሩ የተጋጨ መኪና ቀጥቃጭ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይከርምና፣ ዓርብ፣ ሰው ከጁምዓ ተመልሶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ሽቶውን ተቀብቶ ይወጣል።

«ራውዳ፣ አንድ ሽማግሌ ቤት» ይላታል የት እንደሆነ ስትጠይቀው። «የድሮ የእንግሊዝ መኪና አለው።»

«የምን መኪና ነው ይህን ሁሉ ዓመት የሚፈጀው?»

«እሷ እንደ ሌላው አይደለችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ፋብሪካው ሻንሲዋንና ሞተሯን ብቻ ሰጠ፤ ገላዋን ሌሎች ባለእጆች ናቸው የሠሩላት። እንጨት አዋቅረው፣ በላዩ አሉሚኒየም በእጃቸው አለበሷት። መሳይ የላትም። አሁን እንጨቷን ምስጥ ጨርሶታል፤ እኔ ካላዳንኳት ማን ያድናታል?»

ስለ መኪና እንዲህ የሚያወራ ወንድ አይታ አታውቅም። ሲመለስ «ጣውንቴ ደህና ናት?» ትለዋለች። እሱ እየሳቀ «ነይና ተዋወቂያት» ይላታል። አንድም ቀን አልሄደችም። ብትሄድና መኪና የሚባል ነገር ባይኖርስ? ሳታውቅ መኖሩ ይሻላል ብላ ተወችው። አሁን ግን ባህሩ ጋራዥ ውስጥ ልቡ ቆሞ በድንገት ሲሞት፣ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ማንም የማያውቃት ወጣት ሴት ገባች። አባያዋን እንደ ተከናነበች፣ ሰላም እንኳ ሳትል በሩ ላይ ተንሰቀሰቀች። ጥግ የተቀመጡት ሴቶች በክርን ተጎሻሸሙ። «ይቺ ናት ማለት ነው?» አለች አንዷ፣ በሹክሹክታ መሆኑ ነው። ዘይነባ ተነሥታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ማን ነሽ እህቴ?»

«ሔዋን እባላለሁ። ራውዳ፣ አቡ አይመን ቤት ነው የምሠራው። ጋሼ ባህሩ ዓርብ ዓርብ…» ልቅሶው አቋረጣት።

«ዓርብ ዓርብ ምን?»

«መኪናዋን ሲሠራ ምሳ አቀርብለት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀምሶልኝ አያውቅም። ‹ዘይነባ ሳትበላ ነው የምትጠብቀኝ፤ ጠግቤ ከሄድኩ ትቆጣለች› ይላል። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እኔማ ዘይነባ የምትባለው ምን ዓይነት አስፈሪ ሴት ናት እል ነበር።»

ኡሙልኸይር ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች።

«መኪናዋ አለች?» አለች ዘይነባ።

«ደጅ ናት እኮ። አሠሪዬ ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው፣ በእሷ ነው ይዞኝ የመጣው። ከባህሩ ቤት በፊት የትም አልነዳትም ብሎ።»

የዘይነባ ልጅ ሀያ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ታች አየች። «ዩማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ወላሂ መኪናዋ አለች።»

«ባልሽ ሞቶ ዒዳ ላይ ነሽ፣ ከቤት አትወጪም» አለች ኡሙልኸይር።

«ደጃፌ ነው» ብላ ዘይነባ ደረጃውን ወረደች።

መኪናዋ ጠባቡን መንገድ ሞልታው ቆማለች፤ አረንጓዴ፣ አፍንጫዋ ረዥም። ከኋላዋ ማለፊያ ያጣ የውሃ ቦቴ ጡሩምባውን ያምባርቃል። አቡ አይመን ዘይነባን ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ፈቀቅ አለ። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ባሏ ተቀብሮ ደስ ስላላት አፈረች። ከዚያ ናፈቃት። ከሞተ ጀምሮ መጠርጠር እንጂ መናፈቅ አልቻለችም ነበር።

ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ዳሰሰችው። እጁ ያረፈበትን ቦታ ፈለገች፤ አሉሚኒየሙ ግን ወዲያም ወዲህም ልሙጥ ነው፣ ምንም የለበትም። አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ እጇን በጎማው በኩል ወደ ውስጥ ሰደደች። እዚያ ማንም ስለማያየው አልተሞረደም። የመዶሻው ምቶች ጎድጎድ ጎድጎድ እያሉ አንድ በአንድ ከጣቶቿ ሥር መጡ።

ሀያ «ዩማ፣ ያላ እንግባ፣ ሰው እያየን ነው» ብላ ክንዷን ጎተተቻት። ዘይነባ ግን እጇን አላወጣችም።