ሁለተኛው መርዶ

ሰበታ ውስጥ መርዶ ማርዳት ሰው ሁሉ ሲያቅተው የሚንኳኳው የጋሽ ተረፈ በር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እንቢ ብለው አያውቁም። ሥርዓት አላቸው። ሰው የሞተበት ሰው ያን ቀን ምንም ሳይሰማ፣ ራቱን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ማደር አለበት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ውሃ በጣሳ ይዘጋጃል። ከዚያ ጋሽ ተረፈ ሳያንዛዙ፣ ድምፃቸው ሳይሰበር ይናገራሉ። ክፉ ሹመት ነው፤ ግን እሳቸው ያውቁበታል። አገሩም «ጋሽ ተረፈ ካሉ እውነት ነው» ይላል።

ጎረቤታቸውን ገለቴን የባሏን የኦቦ ዋቆን ሞት ያረዷት እሳቸው ናቸው። የሚነዱት የጭነት መኪና ሱሉልታ ላይ ሲገለበጥ አንድያ ልጇ ኩምሳ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ሜሪ ስልክ ገዝታ ፌስቡክ ከፈተችላቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው ተብለው ያደጉ ናቸውና ያዩትን ሁሉ ላይክ ያደርጋሉ። የማያውቋት ዘፋኝ ፎቶ ሥር «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ ልጄ» ብለው ይጽፋሉ። የጫማ ማስታወቂያ «መልካም በዓል» ቢላቸው «ለእናንተም እንዲሁ፣ ለቤተሰብ ሰላምታ አድርሱልኝ» ብለው መለሱ።

«አባባ፣ ለሁሉም መመለስ የለብዎትም እኮ» ትላቸዋለች ሜሪ እየሳቀች።

«ሰላምታ ነው፤ ዝም ይባላል እንዴ?»

በ2008 ኅዳር የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ከከተማ ከተማ ሲዛመት ኩምሳ ቡራዩ ቤት ተከራይቶ ኮሌጅ ይማር ነበር። ገለቴ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ ጋሽ ተረፈ ባለፉ ቁጥር ታስቆማቸዋለች።

«ኦቦ ተረፈ፣ አካም ጅርታ? እዚያ ስልክዎ ላይ ስለ ቡራዩ ምን ይላል?»

«ሰላም ነው፣ ገለቴ። ወሬ ብቻ ነው» ይሏታል። ወሬው ምን እንደሚል ደፍረው ነግረዋት አያውቁም።

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጃፋቸው ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ቡራዩ ያለ አንድ ተማሪ የለጠፈው ፎቶ ስልካቸው ላይ ብቅ አለ። ኩምሳ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይስቃል፤ ከጎኑ የሻማ ሥዕል ተደርጎበታል። ከሥሩ ግማሹ «ውሸት ነው» ይላል፣ ግማሹ «ቆስሎ ነው እንጂ አልሞተም» ይላል። ጋሽ ተረፈ ገጹ ላይ ባገኙት ቁጥር ለተማሪው ደወሉለት፤ እያለቀሰ እውነት መሆኑን ነገራቸው። ጥይት ነው። ሬሳውን በዓይኑ አይቷል።

ስልኩን ዘጉት። ፎቶው አሁንም ያያቸዋል። ሞት ሰምቶ ነፍስ ይማር ሳይሉ መነሳት የት ያውቃሉ! ጣታቸው ከልባቸው ቀደመና ጻፉ፦ «ነፍስ ይማር። ልጃችን ኩምሳ ዋቆ፣ እግዚአብሔር እናትህን ያጽናት።»

ከዚያ ነጠላቸውን አንስተው በቀጥታ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ ኦቦ ደገፋ ቤት ሄዱ። የጻፉት ነገር ለራሳቸው በሹክሹክታ ያሉት እንጂ ሌላ ሰው የሚሰማው አልመሰላቸውም።

«ነገ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን» አሉ። «ባለቤቴን ብዙነሽን ከኋላዋ አስቀምጣለሁ። ዛሬ ምንም እንዳትሰማ። ራቷን በልታ ትደር።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ከገበያው በኩል ጩኸቱ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገለቴ ጎን ሽንኩርት የምትሸጠው ሰይዳ የኩምሳን ፎቶ ቀደም ብላ አይታ፣ ሰዉ ሁሉ «ውሸት ነው» ሲል እሷም ውሸት ነው ብላ ስልኳን ጉያዋ ሸጉጣ ነበር። ቆይታ ብትከፍተው የጋሽ ተረፈ ስም አለ። «ጋሽ ተረፈማ ካሉ…» ብላ ጮኸች። ገለቴ የምትሰፍረውን በርበሬ እንደያዘች ወደቀች። የሚይዛት አልነበረም፣ ውሃ የሚያቀብላት አልነበረም። ጋሽ ተረፈ ሮጠው ሲደርሱ ፊቷ በርበሬ ለብሶ፣ ነጠላዋ ተረጋግጦ፣ ድምፅ ሳታወጣ አፏን ብቻ ትከፍታለች። አየቻቸው። ፊቷን አዞረች።

በለቅሶው ሦስት ቀን አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። «ደርቃለች» አሉ ሴቶቹ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ተረፈን ሰላም አላለቻቸውም፤ እሳቸውም ቢሆኑ በዚያ ገበያ ማለፍ አቆሙ። ለመርዶ የሚጠራቸው ሰው ሲመጣ «ሌላ ፈልጉ» ይሉ ጀመር። ስልኩን ለሜሪ መለሱላት።

ግንቦት ላይ ሜሪ መልሳ አመጣችው። «ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፣ አባባ» አለቻቸው። ተቀምጠው አብረው አጸዱት። የማያውቁትን ሁሉ አስወጡ፤ ዘመድና ዕድርተኛ ብቻ ቀረ። ያላረጋገጡትን ላይነኩ፣ የሞት ወሬ ካዩ ምንም ሳይጽፉ ስልኩን ዘግተው በእግራቸው ሊሄዱ ቃል ገቡ። ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው ልጃቸው ዮአብ የልጁን ፎቶ እንዲልክላቸውም መሴንጀር የሚባለውን የግል መልእክት መቀበያ ጫነችላቸው። እስከዚያ ቀን አልነበራቸውም።

ሲከፈት የዮአብን ልጅ አልነበረም ያዩት። ከስድስት ወር በፊት፣ ከዚያ ረቡዕ አንድ ቀን ቀድሞ የተላከ መልእክት ነበር።

«ጋሽ ተረፈ፣ ኩምሳ ነኝ። ደውዬ እንዳልነግርዎት አፈርኩ። እዚህ ነገሩ አላማረም። አንድ ነገር ከሆንኩ እማዬ ከስልክ እንዳትሰማ። የአባባን ሞት ያረዷት ቀን በሩ ሥር ቆሜ አይቻለሁ፤ ውሃ ይዘው፣ ሴቶቹ ደግፈዋት። ለእኔም እንደዚያ ያድርጉልኝ። አደራ። በሰላም ከገባሁ ግን ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ ይስቁብኛል።»

ጋሽ ተረፈ የሰው ሁሉ ሰላምታ ሲመልሱ ከርመው የአንዱን አደራ ሳያዩት ቀሩ። ሜሪ ፊት አለቀሱ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከኦቦ ደገፋ፣ ከሚስታቸው ከብዙነሽና ከሰይዳ ጋር የገለቴን በር አንኳኩ። ከፍታ አየቻቸው። ያን ሰዓትና ያንን አመጣጥ ታውቀዋለች።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አለች። «እኔ እኮ የቀረኝ የለም።»

ጋሽ ተረፈ ቆመው መልእክቱን አነበቡላት። ሁለቴ ከመስመሩ ወጡ። ሲጨርሱ «በድዬሻለሁ፣ ገለቴ። አደራውንም በልቻለሁ» አሉ።

ገለቴ በሩን ወለል አድርጋ አስገባቻቸው። ከዚያ ገብታ ውሃ በጣሳ ቀዳችና ለሰይዳ ሰጠቻት። መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ብዙነሽ፣ ከኋላዬ ነይ» አለች። ቀና ብላ ጋሽ ተረፈን አየቻቸው። «በሉ። ልጄ እንዳለው አድርገው ይንገሩኝ።»

ጋሽ ተረፈ ስልኩን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት።

«ገለቴ» አሉ። «ልጃችን ኩምሳ…» ሠላሳ ዓመት ያልተሰበረው ድምፃቸው ተሰበረ።

«ይጨርሱት» አለቻቸው።

«ልጃችን ኩምሳ አርፏል።»

«ኢልማ ኮ!» አለች ገለቴ። «ልጄን!» ሴቶቹ ያዟት። ስድስት ወር የደረቀው እንባዋ መጣ፤ ሰይዳም ውሃውን ይዛ አጠገቧ ተንበረከከች።