የጆሊን እህት መጣች

ጆሊን ከጠዋት ጀምሮ ሳቋ አልቆም ብሏታል። ሸሚዟን ገልብጣ ለበሰች፤ ሳቀች። ጥርሷን በእጅ ክሬም ልትቦርሽ ስትል አከራይዋ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ደረሱባት፤ አሁንም ሳቀች።

«ወይ አንቺ ልጅ! ዛሬስ ለይቶልሻል» አሉ የመኪናቸውን ቁልፍ እየፈለጉ።

ጆሊን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የላኮታ ልጅ ናት። በሕፃንነቷ እናቷ ስትታመም የመንግሥት ሰዎች መጥተው ታላቅ እህቷን ቬርናን ለአንድ ቤተሰብ፣ እሷን ለሌላ ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት እንደተዛወረች እሷም አታውቀው። አሥራ ስምንት ሲሞላት «አድገሻል» ተብላ ተሰናበተች። ኦሮራ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ስትጀምር፣ ባልደረባዋ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሀበሻ መስላቸው በአማርኛ ሰላም አሏት። በዚያው ተግባቡ፤ ሞንትቤሎ ሰፈር ካለው ቤታቸው አንድ ክፍል አከራዩአት። አሁንም በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ከማዕድ ስትነሳ ዳቦ ኪሷ ትከታለች። እሳቸው አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

ባለፈው ሳምንት ቬርና አፈላልጋ ደወለችላት። ዛሬ ልትመጣ ነው።

ዳውንታውን፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሰው ገና መኪናውን ፓርክ ሳያደርጉ ጆሊን ዘላ ወረደች። ሮጣ አንዲት ጸጉረ ረጅም ሴት ላይ ጥምጥም አለች። ሴትዮዋ ጮኸች።

«ይቅርታ! እህቴ መስለሽኝ ነው!»

ከኋላዋ አንዲት ሴት በሳቅ ፍርስ አለች። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች።

«ገና ሳንገናኝ በሌላ ቀየርሽኝ?»

ሳቋ የጆሊን ሳቅ ነው፤ መሐሉ ላይ በአፍንጫ የሚያንኮራፋው ሳይቀር። ተቃቅፈው ሲሽከረከሩ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው።

«ሎዋቺን» አለች ቬርና።

ጆሊን ክው አለች። «ቋንቋችን ነው አይደል? እኔ... ሁሉም ጠፍቶብኛል።»

«ከእኔም ጠፍቶ ነበር እኮ! አምና ክፍል ገብቼ ነው እንደ አዲስ የተማርኩት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ርቦኛል!»

መኪናውን አጠገባቸው ያቆሙት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቀድመው ሳቁ። «ታዲያ ምን ቆመን እናወራለን? ግቡ!»

መንገድ ላይ ጆሊን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መቼ ነው የምትመለሺው?» አለቻት።

«አሁን መድረሴ ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?»

ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መስኮቱን ከፍተው ሦስቱም «ሎዋቺን!» እያሉ ጮኹ። ከሁሉ የበለጠ የጮኸችው ጆሊን ናት፤ በአንድ እጇ የእህቷን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩምባው ቢቀልጥም፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሳቅ እንባቸውን ሳይጠርጉ መንዳት አልቻሉም።