ዘጠኝ እርምጃ

በመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ አፈር ብቻ ነበር። አየነው ተንበርክኮ የቆፈረውን በእጁ እየዛቀ እንደገና ፈተሸው። ጥቁር አፈር፣ የሣር ሥር፣ አንድ ነጭ ትል። ከሰል የሚባል ነገር የለም። የድንበሩን ድንጋይ ፈንቅሎ ለማንሳት ብዙ ደክሟል፤ አሁን ደግሞ ሰማዩ መንጣት ጀምሯል፤ ከእንጅባራ በሚወርደው መንገድ ላይ የመጀመሪያው ሚኒባስ ጡሩምባ ተሰምቷል። አገር ሳይነቃ ጨርሶ መግባት አለበት።

ከሰሉ መኖር ነበረበት። መሬት ለአራሹ በታወጀ ማግስት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ አባቱና የጎረቤቱ የሸጋ አማት፣ የባሏ አባት፣ ሲቀብሩት በዓይኑ አይቷል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ክንድ ያህል ቆፍረው፣ አንድ ቁና ከሰል ገልብጠው፣ አፈር መልሰው ድንጋዩን በላዩ አቆሙ። «ድንጋይ ይንከባለላል፣ ዛፍም ይቆረጣል፤ ከሰል ግን አይበሰብስም» ብለውት ነበር አባቱ። «ሰው የካደ ቀን ይህ ይመሰክራል።» ከሁለቱ ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። ምስጢሩን የሚያውቅ አየነው ብቻ ነው፤ ረፋዱ ላይ በሽማግሌዎች ፊት ሊያወጣው ያሰበውም ይህንኑ ነበር። እንዳላፍር አስቀድሜ ልየው ብሎ ነው በጨለማ የወጣው።

የሸጋ መሬት በምሥራቅ በኩል ያለው ድንበር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ከመስመሩ ማዶ የላይኛው ግማሽ የአድማሴ፣ የታችኛው ግማሽ የአየነው ነው። ሸጋ ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ይኸው ሃያ ዓመት፣ አርሶ ምርቱን በእኩል ለሚያካፍላት ሰው መሬቷን እየሰጠች ነው የምትኖረው። እኩል አራሽ ደግሞ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ የሰው ድንበር ሊጠብቅ አልመጣም። አድማሴ በዳሩ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተከለ። ቆርጦ ከሰል ባከሰለ ቁጥር አዲሱን ችግኝ አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ አስገብቶ ይተክላል። በዚያ አገር ይህን ያላደረገ የለም ማለት ይቻላል፤ ዛፍ የሌለው በሞፈር፣ ሞፈር የሌለው በአጥር ይገፋል። ሸጋ በመጨረሻ ከሰሰች። ዛሬ ባለሙያ መጥቶ ለክቶ በካርታ ያሰፍረዋል፤ የመሬት ደብተር ላይ ከወጣ በኋላ ወዲያ ወዲህ የለም። እሷ የጠራችው አንድ ምስክር ብቻ ነው።

«አየነው ይናገር። አየነው ያለው ይሁን» ነው ያለችው።

አየነው ውሸታም አልነበረም። ይህን ጠላቶቹም አይክዱትም። በማኅበር ላይ፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው፣ ጎረቤቶቹ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» እያሉ ተረቱን የጀመሩበት ጊዜ ነበር፤ አንተም አንድ ቀን እንደኛ ድንበር ገፊ ትሆናለህ ለማለት። እሱም «ጊደሯ ፈልጋ ነው እንጂ አህያዋ ምን አደረገቻት» ብሎ አስቋቸዋል። ከልቡ ነበር የተናገረው። ሰው ከፈለገ በጭቃ መሀል ሳይነካው ያልፋል የሚል እምነት ነበረው።

ሁለተኛውን ጉድጓድ የቆፈረው ወደ ሸጋ መሬት ገባ ብሎ ነው። ድንጋዩን አንድ ሰው ወደ እኔ ገፍቶብኛል ብሎ ጠርጥሮ። ምንም አላገኘም። ሦስተኛውን በራሱ እርሻ ላይ ቆፈረ፤ አራተኛውንም። አምስተኛው ላይ ዶማው ተንኮሻኮሸ። ጎንበስ ብሎ ዛቀ፤ መዳፉ ጠቆረ።

ተነስቶ እስከ ድንጋዩ ድረስ በእርምጃ ለካው። ዘጠኝ እርምጃ ነው።

እዚያው ቁጭ አለ። ያ ዕለት መጣበት። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሰኔ፣ ሲያርስ ድንጋዩ እርሻው መሀል ቆሞ በሬዎቹን አስቸግሮት ነበር። እንዴት እርሻ መሀል ሊገባ ቻለ ብሎ አልጠየቀም። ጎርፍ አንከባሎት ይሆናል አለ በልቡ። ድንጋዩን ደረቱ ላይ ታቅፎ የት ላቁመው ብሎ ሲዞር፣ የአድማሴ ዛፎች እንደ ገመድ ተወጥረው ታዩት። ድንበሩ ቀጥ ያለ አይደል? በዛፎቹ ትክክል ወርዶ አቆመው። ማንም አላየውም፤ የሚደበቅም አልመሰለውም። ግን እርሻው ድንጋዩን አልፎ የሄደው በአንድ ቀን አይደለም። አድማሴ አንድ ረድፍ ዛፍ በጨመረ ቁጥር የእሱም ሞፈር አንድ ትልም ይጨምር ነበር። አውቆ ነው? «አላወቅሁም» አለ ጮክ ብሎ፣ ለማንም። ድምፁን ሲሰማው አላመነውም።

ጉድጓዶቹን ሁሉ ደፈነ። ድንጋዩንም ወደ ቦታው መለሰ፤ ቦታው ካሉት።

ቤት ሲደርስ አድማሴ ፈረሱን ከደጅ አስሮ ተቀምጦ አገኘው። የፈረሰኞች ማኅበር አለቃ ነው፤ በአካባቢው ሰው ሲሞት ያለ እሱ ቀብር አይደምቅም። የአየነው ሚስት ምሥራቅ በቆሎ ቆልታ አቅርባለታለች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

«ዋሽ አላልንህም» አለ አድማሴ። «አላስታውስም በል። ልጅ ነበርኩ በል። ዝም አይነቅዝም።»

ሌላ ቀን ቢሆን አየነው ከቤቴ ውጣልኝ ይለው ነበር። ምሥራቅም ይህንኑ እየጠበቀች ቆማለች። እሱ ግን እጁን ታጠበ፤ መዳፉ ላይ ያለው ጥቁር ቶሎ አልለቅ አለው።

«የማውቀውን እናገራለሁ» አለ።

«ተናገር። ነገ አንተም ሬሳ ይኖርሃል፤ ማን እንደሚሸከምልህ ግን አስብበት።» አድማሴ በቆሎውን ሳይነካ ተነሳ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ምሥራቅ ባሏን ትኩር ብላ አየችው። «አመመህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ፈርተህ ከሆነ አትፍራ። ከማኅበር ያውጡን። እኔ ያንን ፈርቼ አላደርኩም፤ አንተን ይዤ ነው የኖርኩት።»

ይህ ከአድማሴ ዛቻ ይልቅ ከበደው። ልንገራት ብሎ አሰበ። የተነቀለ ድንጋይ፣ ዘጠኝ እርምጃ፣ ጎርፍ ይሆናል፤ ሁሉም ምላሱ ላይ ነበረ። ጋቢውን ለብሶ ወጣ።

ረፋዱ ላይ ድንበሩ ዳር ሰው ተሰበሰበ። እንዳልካቸው የሚባለው ባለሙያ ከወረዳ በባጃጅ መጥቶ፣ ታብሌቱን በደረቱ ይዞ ሲመላለስ ሽማግሌዎቹ በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኛ፣ እየተንሾካሾኩ ይከተሉታል። ሸጋ ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ ብቻዋን ቆማለች። ከስታለች።

«የማያከራክር አንድ ነጥብ ስጡኝ» አለ ባለሙያው። «ድንበሩ ቀጥ ያለ መሆኑን ሁላችሁም ተስማምታችኋል። አንዱ ጫፍ ከታወቀ ሌላውን እኔ አወጣዋለሁ።»

«የአየነው ድንጋይ» አለች ሸጋ ወዲያው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሥሩ ይታይ፣ የጥንት ሰው ምልክት ይቀብራል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ነበር ጊዜው፤ አየነው ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አሳያችኋለሁ» ሊል የሚችልበት።

«የአየነው አይቆፈርም» አለች ሸጋ ቆጣ ብላ። «ቃሉ ይበቃኛል። እሱን ከቆፈርንማ ማንን ልናምን ነው?»

አድማሴ እስከዚያ ድረስ ከኋላ ነበር። አሁን ቀረበና ወደ ድንጋዩ ተመለከተ። በሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ነው፤ የዛሬ ጠዋት አፈር። ዓይኑን ወደ አየነው እጆች፣ ጥፍሮቹ ሥር ወደቀረው ጥቁር አዞረ። አልሳቀም። ቀስ ብሎ ሄዶ እርጥቡ አፈር ላይ ቆመ፤ በሁለት እግሩ ደህና አድርጎ ረገጠው።

«ጋሼ አየነው» አለ ባለሙያው፣ «ድንጋዩ ይህ ነው? ከጥንት ያለ ነው?»

ሁሉም ዞረው አዩት። አየነው የሚያጣውን ቆጠረ። ዘጠኝ እርምጃ መሬት ቢሄድ ምንም አልነበረም፤ ለቤቱ የሚሆን ድንች አይጠፋም። የሚሄደው አየነው ነው። አምሳ ዓመት የሠራው ሰው በአንድ ጠዋት ከነስሙ ሊሄድ ነው። ደግሞስ ዛሬ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች ያን የጊደር ተረት እስኪሞት ይተርቱበታል። መጀመሪያ አዎ ልበል፣ ቀስ ብዬ ለብቻው ለባለሙያው እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ። ያን ጊዜ እውነት መስሎት ነበር።

«ይህ ነው» አለ።

«ከጥንት ያለ?»

«አባቶቻችን ያቆሙት ነው።»

እንዳልካቸው ታብሌቱን ነካካ። ከድንጋዩ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ዛፎቹ ሄደ፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሉ። የዲከረንሱ ረድፍ ጫፍ ላይ ደርሶ ዞረ። «ልክ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ከድንጋዩ ቀጥ ሲባል ዛፎቹ ድንበሩ ላይ ናቸው። አልተገፋም።»

ሸጋ አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም። ዛፎቹን አየች፤ ድንጋዩን አየች፤ ከዚያ አየነውን አየችው። ባሏ በሕይወት እያለ ጤፍ ሲያጭዱ የሚያርፉባት ትንሽ ግራር እነዚህ ዛፎች የቆሙበት ቦታ ነበረች፤ ይህን በደንብ ታስታውሳለች። ግን አየነው ተናግሯል።

«እንግዲያው እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች ቀስ ብላ። «ብቻዬን ስውል ሐሳብ ያዞረኛል መሰለኝ።» ወደ አድማሴ ሄዳ ጎንበስ አለች። «ሰው ፊት አማሁህ። ይቅር በለኝ።»

አድማሴ እጇን ይዞ ቀና አደረጋት። «ምን ችግር አለው እትዬ ሸጋ» አለ፣ ድምፁ ለስላሳ ነበር።

ፈረሙ። የማይችለው በጣቱ ፈረመ። አየነው ስሙን ጻፈ፤ ባለሙያው ለብቻው የቆመበት ጊዜም ነበር፤ ባጃጁ እስኪመጣ ስልኩን እያየ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር፤ ከአየነው ሃያ እርምጃ አይርቅም። አየነው ወደ እሱ ተራመደ። ግማሽ መንገድ ላይ አድማሴ «አየነው፣ ወንድሜ!» ብሎ ተጣራ። ዕድሜ ልኩን ወንድሜ ብሎት አያውቅም። አየነው ቆመ። ባጃጁ መጣና ባለሙያውን ይዞት ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ሸጋ ቀርታ ጠበቀችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ታግሳለች።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። «እኩል አራሽ ሰለቸኝ። እያንዳንዱ መጥቶ የፈለገውን አርሶ ይሄዳል፣ ድንበሬን የሚያውቅልኝ የለም። ከእንግዲህ መሬቴን አንተ እረስልኝ። ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። ዝናብ ሳያመልጠን በሬዎችህን መቼ ታመጣቸዋለህ?»

አየነው አፉን ከፈተ። ሊነግራት ነበር። እሷ ፊቱን እያየች ትጠብቃለች።

«ሰኞ» አላት።