ጋሽ ውሃልክ የሸፈኑት ስንጥቅ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ውሃልክ» ይላቸው ነበር። ስሙ የወጣላቸው አናጢ ስለሆኑና ውሃልክ ከእጃቸው ስለማይለይ ብቻ አልነበረም። በሰው ጉዳይ ገብተው ሲዳኙም ወዲህም ወዲያም አያጋድሉም ተብሎ ነው። ጎረቤታሞች በአጥር ሲጋጩ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው ወርክሾፕ በር ነበር።

የእህታቸው ልጅ አባቷን ያጣችው በሰባት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን የምታስቀምጠው አጎቷ ወርክሾፕ ነበር። ሰጋቱራ ላይ ተኝታ፣ ቁርጥራጭ ጣውላ እየደረደረች አደገች። አሥራ አምስት ሲሞላት መላጊያ አስጨበጧት። «ሴት ልጅ መጋዝ ይዛ ምን ልትሆን ነው?» ያሏቸው ነበሩ።

«እንጨቱ ወንድ፣ ሴት ሲል ሰምታችኋል?» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው።

ሙያውን ብቻ አይደለም ያስተማሯት። ሰው ሲቆጣ እስኪጨርስ ማዳመጥን፣ የማትችለውን ሥራ ሳትግደረደር አልችልም ማለትን፣ ባል ስትመርጥ እናቱን እንዴት እንደሚያናግር ማየትን የተማረችው ከእሳቸው ነው። በተለይ ሁለት ነገር አይሰለቻቸውም ነበር። አንዱ «ስንጥቅ ያለበትን እንጨት ጣይው እንጂ አትሸፍኚው» ነው። ሌላው ደግሞ «ያጠፋሽ ለታ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ጥፋት ካደረ ይሸታል»። እሷም የገዛ ልጇን የምታሳድገው በእነዚሁ ቃላት ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ ባለ ሁለት ፎቅ አዲስ ትምህርት ቤት የደረጃ መደገፊያ እንዲሠሩለት አዘዛቸው። ሁለት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ሠሩ። በመጨረሻው ሳምንት ግን ልጇን ትኩሳት ያዛትና አራት ቀን ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ሰነበተች። ስትመለስ የላይኛው መደገፊያ ተገጥሞ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ ብቻዎን ጨረሱት?»

«እሰይ በይ እንጂ!» አሏት።

እሰይ አለች።

ወቅቱ ተለውጦ ተማሪዎች ከገቡ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ርዕሰ መምህሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወርክሾፑ ድረስ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። የሒሳብ መምህርቷ ደብተር ታቅፋ ስትወርድ መደገፊያውን ስትደገፍ ተሰብሮባት ስድስት ደረጃ ተንከባልላለች። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጋዜጣውን ፈትተው ስባሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

አናጢዋ አነሳችው። ስብራቱ ውስጥ ቡናማ መስመር ይታያል፦ በኮላ የተለወሰ ሰጋቱራ፣ ተጠቅጥቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ። እንጨቱ ሳይገጠም በፊት ተሰንጥቆ ነበር።

«ይሄን የሠራው ማነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ጋሽ ውሃልክ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ደግመው ጠረጉት።

«እሷ ናት» አሉ። «እኔ እንግዲህ ዓይኔም ደከመ፤ አደራ ብዬ ሰጥቻት ነበር።»

የሰማችውን አላመነችም። ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ወለሉን ያያሉ። ያሳደገን ሰው በእንግዳ ፊት ዋሸህ አይባልም። ደግሞም እንግዳው ሲሄዱ ያስተካክሉታል ብላ አሰበች። ስለዚህ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

ርዕሰ መምህሩ እንደወጡ «ጋሼ?» አለች።

«ቆይ ልጄ፣ ነገሩ ይብረድ።»

ሁለት ቀን ጠበቀች። ነገሩ በረደ፤ እሳቸው ግን አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን መምህርቷን ልትጠይቅ ሄደች። መምህርቷ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ነይ፣ ነይ ተቀመጪ፤ አትሸማቀቂ» አለቻት። «አጎትሽ ትላንት መጥተው ነበር። አለቀሱ እኮ! ‹ስንጥቅ መሸፈን እኔ አላስተማርኳትም፤ ያሳደግኳት ልጅ ጉድ ሠራችኝ› አሉኝ። እኔ ግን ሰው ይሳሳታል ብዬ ትቼዋለሁ። አይዞሽ።»

አናጢዋ ባልሠራችው ጥፋት ይቅር ሲሏት እንዲህ ያማል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ፊት የተናገሩት ቃል በድንጋጤ አመለጣቸው ይባል ይሆናል። ይሄ ግን ልብስ ቀይረው፣ ታክሲ ተሳፍረው፣ ደረጃ ወጥተው የተናገሩት ነው።

ከዚያ ቀጥታ ወርክሾፕ ሄደች። ጋሽ ውሃልክ የመስኮት ፍሬም ይልጋሉ።

«ለምን?» አለቻቸው።

መላጊያውን አላቆሙም። «አርባ ዓመት የሠራሁበት ስም ነው። በእኔ ዕድሜ የወደቀ ስም አይነሳም። አንቺ ገና ነሽ፤ ሰው ይረሳልሻል።»

«እኔ ስም የለኝም?»

«ከእኔ ያገኘሽው ነው።»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ልትላቸው ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው። ከዚያ ሌላ ነገር መጣባት።

«ጋሼ፣ ሌላም ቦታ ሸፍነዋል? የሚደገፉት ሕፃናት ናቸው።»

መላጊያው ቆመ።

«ኮላው ይይዛል» አሉ።

የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ደርሳ፣ ርዕሰ መምህሩ አጠገቧ ቆመው እያዩ፣ ቫርኒሹን በመሮ እየፋቀች ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። የላይኛው መደገፊያ ላይ ሁለት ቦታ የተሸፈነ ስንጥቅ ተገኘ። አንደኛው የአንደኛ ክፍል ልጆች የሚያልፉበት መታጠፊያ ላይ ነበር።

«ይሄንንም አንቺ ነሽ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ በቁጣ።

«አይደለሁም» አለች። «ይሄ ሲገጠም ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ካርዷ ላይ ቀኑ አለ።» የማን እጅ እንደሆነ አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋት። ሁለት ሰዎች ነበሩ የሠሩት።

መደገፊያውን ነቅላ በሳምንት ውስጥ እንደ አዲስ ሠራችው። ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። ጋሽ ውሃልክ ወርክሾፑን ዘጉ። እናቷ ቤቷ በር ላይ ጠብቃ ተቀበለቻት።

«ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ! በስተርጅናው አዋረድሽው!»

«እማዬ፣ የዋሸው ማን ሆነና?»

«ቢዋሽስ? አባት ሆኖሽ የለ?»

አናጢዋ ያን ቀን አለቀሰች። እናቷ ስለተቆጣቻት አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባት ሮጣ የምትሄደው አጎቷ ጋ ነበር፤ እግሯም በልምድ ወደዚያው ወስዷት ኖሮ መንገድ መሃል ደርሳ ነው የባነነችው።

አምስት ወር አለፈ። ሌላ ሰፈር ጠባብ ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ መሥራት ጀመረች። በመጨረሻ እናቷ አስታርቃለሁ ብላ እሁድ ከሰዓት ሁለቱንም ሳሎኗ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ጋሽ ውሃልክ ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ስታያቸው ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እንግዲህ» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ይቅር እንባባል። እኔም አስቀይሜሽ ይሆናል፣ አንቺም አዋርደሽኛል። ሁለታችንም እንተወው።»

«እኔ ምን አድርጌ ጋሼ?»

«ልጅ ገመና ይሸፍናል።»

ሻያቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

«ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች ቀስ ብላ። «‹ዋሽቼብሻለሁ› ይበሉኝና እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። እማዬ እየሰማች አንዴ ይበሉት።»

ጋሽ ውሃልክ አፋቸውን ከፈቱ። የሚሉት መሰላት። ከዚያ ሻያቸውን እስከ አተላው ጠጡ፣ ኮፍያቸውን አነሱ፣ እህታቸውን ጉንጯን ስመው ወጡ።

«አንድ ቃል ብትተይለት ምን ነበረበት?» አለች እናቷ እያለቀሰች።

«እኔስ ከአንድ ቃል በላይ ጠየቅኩት?»

ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። ዛሬም ደንበኞቿ ሥራዋን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ሙያውን ከማን እንደተማረች ሲጠይቋት «ከአጎቴ» ትላለች። ሌላ አትጨምርም። ደግ ሰው መሆን አለባቸው ሲሏት ግን ጎንበስ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።