ድምፅ ዳገት ይወጣል ወይ?

ሰላሀዲን ሽቦውን በጥርሱ ነክሶ ዋንዛው ላይ ሲንጠላጠል፣ ጋሼ ዓወል ከሥር ቆመው ምክር ይለግሱት ነበር። ጋሼ ዓወል በሕይወታቸው ሽቦ ነክተው አያውቁም። ነጋዴ ናቸው፤ ከሱቃቸው ዕቃ ሁሉ በነጻ የሚሰጡት ምክር ብቻ ስለሆነ ግን እሱን አይቆጥቡም።

"ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ እኮ! ያንን ቅርንጫፍ አትመነው!"

"እም... እም" አለ ሰላሀዲን። አፉ ውስጥ ሽቦ ያለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይላል?

"ስማማ! አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ።"

ሰላሀዲን ሽቦውን ከአፉ አወጣ። "ምን ጋሼ?"

"ሱቄ እላይ ነው፤ ቤቴ ታች ነው። ከሱቅ ስናገር ድምፄ ቁልቁል ይንከባለላል፤ እሺ፣ ይኼ ይገባኛል። ከቤት ሲናገሩ ግን ድምፁ ይኼን ሁሉ ዳገት እንዴት አድርጎ ይወጣዋል?"

"ሽቦ ዳገትና ቁልቁለት አይለይም፣ ጋሼ።"

"አልዩ አምባ ውስጥ ዳገት የማይለይ ነገር አለ እንዴ! በቅሎዋ እንኳ ትለያለች። ለማንኛውም ለመውጫው አንድ ባትሪ ጨምርበት።"

ሰላሀዲን ሳቁን ከሽቦው ጋር መልሶ ነከሰው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የጋሼ ዓወል ሱቅ ገበያው ራስ ላይ ነው፤ ቤታቸው ደግሞ ቁልቁለቱን ወረድ ብሎ ነው። ምሳ ሲደርስ አንድ ሰው ሽቅብ፣ ሱቁ ውስጥ ጨው ሲያልቅ አንድ ሰው ቁልቁል፤ የጋሼ ዓወል ጉልበት ደግሞ እምቢ ካለ ቆይቷል። ሰላሀዲን ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ገብረአብ ከሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያ ተምሮ፣ በከሰል የሚሞቅ መበየጃና አንድ ከረጢት የሞቱ ቴፖች ሆድ ዕቃ ይዞ የተመለሰ ወጣት ነው። የመጣሁት የአገሬን ሰው ሬዲዮ ልጠግን ነው ይላል። ውሸቱን ነው። የመጣው የጋሼ ዓወልን ልጅ አፊፋን ሊያገባ ነው።

ሽማግሌ አድርጎ ሼህ ዘይኑልአቢዲንን ሲልክ፣ ጋሼ ዓወል ፊታቸውን አኮሳተሩ። "ልጁ መልካም ልጅ ነው። ግን ሙያው ምንድን ነው? ነጋዴ አይደል፣ ገበሬ አይደል። ሽቦ ቀጣይ! ሽቦ ቀጥሎ ማን ልጅ አሳደገ? እስኪ ለማንኛውም ሱቄንና ቤቴን ያገናኝልኝና ያኔ ኢንሻአላህ እንነጋገራለን።"

በዚያው ሳምንት ገብረአብ በሹፌር ቃል ላከበት። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። "ምክሬን ስማኝ፣ ፋብሪካ ግባ" ብሎት ነበር መምህሩ። "ወር ጠብቆ ደመወዝ ይሰጡሃል። መንደር ውስጥ ሬዲዮ ብትጠግን የሚመርቅህ ብዙ ነው፤ የሚከፍልህን ግን በመብራት ፈልገህ አታገኘውም።"

ሰላሀዲን ጨነቀው። አፊፋን ካገኘ እዚሁ ይቀራል፤ ትንሽ ቤት ተከራይቶ ሬዲዮውንም ቴፑንም ይጠግናል። ካጣት ግን አልዩ አምባ ውስጥ አንድ ቀን የሚውልበት አንጀት የለውም። ስለዚህ ሼህ ዘይኑልአቢዲንን ለመናቸው፤ "ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቁርጡን ይጠይቁልኝ። እምቢ ካሉ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በቅሎ ተከራይቼ አንኮበር እወጣለሁ፤ ከዚያ መኪና ነው። ተመልሼ አልመጣም።"

ሐሙስ ሽቦው ተዘርግቶ አለቀ። ሱቁ ውስጥ ትልቁ ሳጥን ተቀመጠ፤ ባትሪውም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ የሚጫነውም ቁልፍ ያሉት እሱ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለችው ትንሿ ሳጥን አንድ ስፒከር ብቻ ናት፤ ባለ ትልቁ ሲናገር ታሰማለች፣ ባለ ትልቁ ቁልፉን ሲለቅ ደግሞ ራሷ ጆሮ ሆና የቤቱን ድምፅ ወደ ሱቅ ትልካለች። ሰላሀዲን ይህን ሲያስረዳ ጋሼ ዓወል በአንድ እጃቸው ሽንኩርት እየመዘኑ፣ በአፋቸው ከገዢ ጋር ይከራከሩ ነበር።

"ሽቦው ላይ ልብስ እንዳይሰጣ ጋሼ። ቆርቆሮ እንዳይነካ። ሲመሽ ያጥፉት፣ ባትሪው ያልቃል። ዋናው ግን ይኼ ነው፤ ሲናገሩ ቁልፉን ይጫኑ፣ ሲሰሙ ይልቀቁ።"

"ስናገር መጫን። ገባኝ።"

"ሲሰሙስ?"

"ልጄ፣ እኔ ለመስማት ምን ትምህርት ያስፈልገኛል?"

ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደአረጋይ መጡ። ሽቦ ተዘርግቶ ዝም የሚል ቀበሌ የለም። ሽቦውን ከጣራ እስከ ዋንዛው በዓይናቸው ተከትለው፣ "ይኼ ከማን ጋር ነው የሚያገናኘው?" አሉ።

"ከባለቤቴ ጋር" አሉ ጋሼ ዓወል።

"ከሌላስ?"

"ከእሷ ሌላ ማን ይችለኛል፣ ጓድ?"

ሊቀመንበሩ አላመኑም። ሳጥኑ ላይ አጎንብሰው ቁልፉን ተጫኑና በስብሰባ ድምፅ፣ "ኢትዮጵያ ትቅደም!" አሉ። ሰላሀዲን ጣታቸውን ቀስ አድርጎ አነሳላቸው። ከሳጥኑ ውስጥ የእትዬ ረሒማ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ "ትቅደም፣ ትቅደም። ምሳው ግን ቀዘቀዘ።"

ጓድ ወልደአረጋይ ከሳጥኑ ቀና ብለው የመጡበትን መንገድ ያዙ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አፊፋ እየሮጠች ሰላሀዲን ዘንድ መጣች። "እናቴ ትጠራሃለች። ሳጥኑ አብዷል።"

ሰላሀዲን መፍቻውን ይዞ ወረደ። ቤቱ ውስጥ እትዬ ረሒማ እጃቸውን አጣምረው ሳጥኑ ሥር ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው ሰሊሃም ስፌቷን ይዛ አጠገባቸው አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን አንድ ዙር እንኳ አልሰፋችም።

"ከጠዋት ጀምሮ ይለፈልፋል" አሉ እትዬ ረሒማ። "እኔ ስናገረው ግን አይሰማም። ቁርጥ የአፊፋን አባት ሆነልህ!" እትዬ ረሒማ ባላቸውን በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም። ከተጋቡ ጀምሮ 'አንተ' እንኳ ብለዋቸው አያውቁም፤ አፊፋ ከተወለደች ወዲህ ደግሞ "የአፊፋ አባት" ናቸው።

"ቁልፉን አንድ ነገር ተጭኖት ይሆናል" አለ ሰላሀዲን። "እሳቸው የሚሉት ሁሉ እዚህ ይሰማል፤ የእኛ ግን ወደዚያ አይሄድም። ሄጄ ላስለቅቀው።"

"ተው እባክህ!" አለች ሰሊሃ። "አሁን እኮ ነው የጣመው!"

"ስኳር ጠፋ ብሎ ስንት ጊዜ ሻይ ያለ ስኳር ያጠጣኝ ሰው" አሉ እትዬ ረሒማ፣ "እዚያ ቁጭ ብሎ ለሻይ ቤቱ ልጅ 'ስኳሩን ጨምር፣ አትሰስት' ሲል በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ። እኔ ረሒማ ሰማሁ!"

ሰላሀዲን ሊወጣ ሲል ከሳጥኑ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማ። "አሰላሙ ዐለይኩም" ይላል፤ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ናቸው። እግሩ ደጃፉ ላይ ቀረ።

"ወዐለይኩም ሰላም! ይግቡ ሼህ፣ ይቀመጡ። ዛሬ ቤቴ እንዴት ሰላም እንደሆነ! ይኼን ማሽን ከፍቼው ውዬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አልሐምዱሊላህ!"

ሰሊሃ ስፌቷን አፏ ላይ ደፍታ ሳቋን አፈነች።

"የመጣሁት ለልጁ ጉዳይ ነው" አሉ ሼህ። "የመጨረሻ ቃልህን ስጠኝ፣ ዓወል።"

ሰላሀዲን መፍቻውን ጨብጦ ቆመ። አፊፋ የመጋረጃውን ጫፍ ጠምዝዛ ያዘች።

"እውነቱን ልንገርዎ? በእኔና በእርስዎ ይቅር። ልጁን እወደዋለሁ፤ ወላሂ! እጁ ወርቅ ነው። ከእሱ የተሻለ ለማን እድራታለሁ?"

"ታዲያ እሺ በላ!"

"እንዴት እሺ ልበል? እሺ ካልኩ ዛሬውኑ አማቼ ሆነ። አማች ይከበራል፣ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። አማቼን 'ዛፍ ላይ ውጣልኝ' ልለው ነው? አገር ምን ይለኛል? ገና የወንድሜ ቤት አለ፣ ወፍጮ ቤቱ አለ። ሽቦውን ይጨርስልኝና በደስታ እድረዋለሁ። እስከዚያ 'ሽቦ ሙያ አይደለም' እያልኩ ላቆየው።"

"ነገ ሊሄድ ነው እኮ!"

"አይሄድም። አፊፋን ጥሎ የት አባቱ ይሄዳል?"

ሰላሀዲን ደስም አለው፣ ተናደደም። ይወዱኛል! ይወዱኛልና እንደ ዝንጀሮ ዛፍ ለዛፍ ያንዘላዝሉኛል!

"በወፍጮ ቤት ሽቦ ለወጠኝ" አለች አፊፋ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አፏ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረውም። "አንተም ሂድና ጠይቀው። ካልጠየቅከው እኔ ራሴ ነኝ በቅሎዋን የምጭንልህ።"

"ሂድ ልጄ" አሉ እትዬ ረሒማም። "ፊት ለፊት ጠይቀው። እኛ እዚሁ ነን።"

ሰላሀዲን ዳገቱን በሩጫ ወጣው። እየወጣም አሰበ። የተናደደውን ያህል ቢናደድ፣ አማቱ የሚሆኑትን ሰው በቤተሰባቸው ፊት ማዋረድ ነውር ነው። መጀመሪያ ቁልፉን የተጫነውን ነገር ያነሳል፤ ከዚያ እንደ ወንድ ለብቻቸው ይነጋገራሉ።

ሱቁ ሲገባ የተጫነውን ነገር አየው። ጋሼ ዓወል የሚዛኑን ግማሽ ኪሎ ብረት ቁልፉ ላይ አስቀምጠውታል! በር ድንጋይ ሲደገፍበት ለሚገባውም ለሚወጣውም ክፍት አይደል? ሳጥኑንም እንደዚያው የከፈቱት መስሏቸዋል። አንድ ሽንኩርት ገዢ ደግሞ በግማሽ ኪሎው ፋንታ በሳሙና እየተመዘነለት አፍ አፋቸውን ያያል።

"ጋሼ" አለ ሰላሀዲን፣ ሼሁን በአክብሮት ሰላም ብሎ፣ "ቁርጡን ይንገሩኝ። ነገ መንገደኛ ነኝ።" እያለም እጁን ወደ ብረቱ ሰደደ።

ጋሼ ዓወል በረጅሙ ተነፈሱ። "ልጄ፣ እኔማ ምን ከፋኝ? እምቢ ያለችው ረሒማ ናት። 'ሽቦ ቀጣይ ቤቴን አይረግጥም' ብላ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ። የሴት ነገር ታውቃለህ። አንተ የወንድሜን ቤት ሽቦ ዘርጋ፤ እኔ ቀስ ብዬ አለሳልሳታለሁ።"

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሙስባሃቸውን መቁጠር ጀመሩ። የሰላሀዲን እጅ ብረቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰና ኪሱ ውስጥ ገባ።

"ማን አሉ ጋሼ? የገበያው ጫጫታ ነው፣ አልሰማሁም። እስኪ ወደዚህ ጠጋ ይበሉና ጮክ ብለው ይንገሩኝ።"

ጋሼ ዓወል ሳጥኑ ድረስ ጠጋ አሉለት። "ረሒማ! እምቢ ያለችው ረሒማ ናት!"

ሽንኩርት ገዢው ሽንኩርቱን ከረጢት ውስጥ ለመክተት ያህል ጊዜ አለፈ። ከዚያ ያለ ሽቦ፣ ያለ ባትሪ፣ ዋንዛውን አልፎ፣ ገበያተኛውን ሁሉ ዞር አስብሎ አንድ ድምፅ ዳገቱን ወጣ።

"ዓወል!"

ጋሼ ዓወል ሳጥኑን አዩት፤ ሳጥኑ ዝም ብሏል። ወደ ደጅ አዩ።

"አንተ ዓወል! ማን ነው እምቢ ያለው?"

በስማቸው! በገበያ ቀን! ጋሼ ዓወል የጨው ጆንያ ላይ ዘፍ አሉ።

"ድምፅ ዳገት ይወጣል ወይ ብለውኝ ነበር" አለ ሰላሀዲን በትሕትና። "ቁልፉ ሲጫን ይናገራል እንጂ አይሰማም፣ ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ ያሉት ሁሉ ቤት ተሰምቷል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"የዛፉም?"

"የዛፉም።"

ጋሼ ዓወል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስኳሩስ?"

"ከሁሉ በፊት እሱ ነው የተሰማው።"

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሼ ዓወልም መጀመሪያ ተኮሳተሩ፤ ከዚያ አንድ የተሸነፈ ሳቅ አመለጣቸው። "በቃ! አፉ በለኝ፣ ልጄ። አፊፋን ሰጥቼሃለሁ። ሼህ፣ ኒካሁን ለመጪው ጁምዓ ያድርጉልን።" ትንሽ ቆዩና ግን ልማድ ነውና አላስቻላቸውም። "የወንድሜ ቤትስ ነገር?"

"አማች ዛፍ ላይ አይወጣም ብለዋል፣ ጋሼ።"

"ብያለሁ" አሉ ጋሼ ዓወል በሐዘን።

ሰላሀዲን ግማሽ ኪሎውን አንስቶ ወደ ሚዛኑ መለሰው። ከዚያ መፍቻውን አወጣና የትልቁን ሳጥን ብሎኖች መፍታት ጀመረ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ቁልፉ ያለ ቦታው ነው የተቀመጠው፣ ጋሼ። ትንሹን ሳጥን ለእርስዎ አመጣልዎታለሁ። ሲጠሩዎት ይሰማሉ፤ ሲፈቀድልዎ ደግሞ ይናገራሉ።"

ጋሼ ዓወል አፋቸውን ከፈቱ፤ ወደ ቁልቁለቱ አየት አደረጉና መልሰው ዘጉት።

ሰላሀዲን ገበያው ውስጥ ለቆመው የበቅሎዋ ባለቤት "ነገ አልፈልጋትም" ብሎ ነገረው። ከዚያ ትልቁን ሳጥን ከነቁልፉ ታቅፎ ወደ እትዬ ረሒማ ቤት ወረደ።