ሜንጦ ላይ የተሰቀለው ጃኬት

ፒስተንና ጎሚስታ አፍንጫ የላቸውም። ማለቴ ፊታቸው ላይ አለ፤ ፒስተንማ የሁለት ሰው አፍንጫ ነው የተሸከመው። ግን አይሸታቸውም። አንዱ ጋራዥ ውስጥ በናፍጣ ሲታጠብ ኖረ፣ አንዱ ጎማ ሲለጥፍ ጭሱን እየማገ አደገ፣ በቃ ተቃጠለባቸው። የሦስታችን አፍንጫ እኔ ነኝ። የሚኒባስ ረዳት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ብብት ስር ቆሜ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ስል ስለምውል አፍንጫዬ እንደ ቢላ ተስሏል። ግን ምን ዋጋ አለው? የሚያምነኝ የለም። "ምላሱ" ነው የሚሉኝ። ባለፈው ፒስተንን "ሱሪህ ከኋላ ተቀዷል" ብዬው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ለግድግዳ እየታከከ ዋለ። ሱሪው ምንም አልሆነም ነበር።

ፒስተን ልጅ ወዷል። ልጅቷም ወዳዋለች፤ ችግሩ አባቷ ነው። ሰውዬው ላውንደሪ ቤት አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው እድፍ ሲያጥብ ኖሮ ሽታ የሚባል ነገር አያሳዩት። "ናፍጣ የሚሸት ሰው ሳሎኔ አይቀመጥም" ሲል ኖሯል። ልጅቷ ለምና ለምና ለእሁድ ከሰዓት እሺ አሰኘችው። "አንዴ አየዋለሁ፤ ካልተመቸኝ ግን ሁለተኛ ስሙን አታነሺብኝም" አላት።

እሁድ ጠዋት ጃኬት ፍለጋ ወጣን።

የኛ ሰፈር ሱቅ እንደ ካልሲ ነው የሚቀየረው። ትላንት ዳቦ የገዛህበት ቤት ዛሬ ጥርስ ይነቀልበታል። መጀመሪያ የሄድነው ድሮ ሱሪ የምናሳጥርበት ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ላባ አፌ ውስጥ ገባ። ውስጡ ዶሮ ብቻ ነው። የሰፊው አሻንጉሊት፣ ያ ኮት የሚያለብሰው ራስ የሌለው ሰውዬ፣ እዛው ቆሟል፤ ትከሻው ላይ አንዲት ዶሮ ተቀምጣ ደረቱ ላይ እስከ እምብርቱ ለቃበታለች። ነጭ ከረባት ያሰረ ነው የሚመስለው።

"ልብስ ሰፊው የታሉ?" አለ ፒስተን።

"ለቀዋል" አለች ሻጯ፣ አንዷን ዶሮ በእግሯ አንጠልጥላ። "ይቺን ልስጥህ? አሁን ነው እንቁላል የጣለችው።"

"ጃኬት ነው የምፈልገው።"

"ይቺም ላባ ለብሳለች" ብላ ሳቀች።

ወጣን። ትንሽ እንደሄድን ጎሚስታ "ያውላችሁ!" አለ። "ዘመናዊ ፋሽን" የሚል አዲስ ሰሌዳ ነው። ቀለሙ ግን ስስ ነው፤ ከ"ዘመናዊ" ጀርባ ሁለት ቀንድ ብቅ ብሏል። ሥጋ ቤት ነበር። ባለቤቱም ያው ሰውዬ ነው፤ ሽርጡን አውልቆ ከረባት ከማሰሩ በቀር ምንም አልሆነም። ግድግዳው ያው ነጭ ሸክላ፣ ሜንጦዎቹም ያው፤ በሬው ይሰቀልበት የነበረው ላይ ሙሉ ልብስ ተደርድሯል። ገና እግሬን ሳስገባ የከረመ ሞራ ሽታ ተቀበለኝ።

"ግቡ ልጆች! ምን ላውርድላችሁ?"

"ጃኬት ጋሼ" አለ ፒስተን።

"ከየትኛው ይሁን?" ብሎ አንዱን ከሜንጦው አወረደና በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። "ይሄን እየው። ቀይ ነው፣ ጮማ የለበትም።"

ጃኬቱ ሰማያዊ ነው። አፉ ለምዶበት እንጂ ሰውዬው አላበደም። ፒስተን ለበሰው። ልክክ አለ። አንገትጌው ስር ሜንጦው የበሳው ቀዳዳ አለ።

"ሽንጡ ላይ ጠበቅ ብሎሃል" አለ ሰውዬው፣ እጁ ሳያስበው ቢላ ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ ሄደ። "ብትፈልግ እቆርጥልሃለሁ።"

ፒስተንን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። "ይሸታል። በእናትህ፣ እንውጣ፤ ሬሳ ሬሳ ነው የሚሸተው።"

"ጀመረ ደሞ" አለ ጎሚስታ።

"እውነቴን ነው! እናቴ ትሙት!"

"እናትህን ስንት ጊዜ ገደልካት?" አለ ፒስተን። "ባለፈው ለሱሪዬ ገድለሃታል። ምስኪን ሴትዮ፣ ዛሬ እንኳን እሁዷን ትዋልበት።"

ልክ ነው። ሰውዬው ጃኬቱን በጋዜጣ ሊጠቀልለው ሲል ፒስተን "ለብሼው ነው የምሄደው" አለ። ሰውዬው አንድ አሮጌ ከረባት ከመደርደሪያው ስር መዝዞ ወረወረለት። "እንካ፣ ምርቃት!" ድሮም ሥጋ ስንገዛ ምርቃት ብሎ አጥንት ነበር የሚወረውርልን። ከረባቱን ጎሚስታ ኪሱ ከተተው።

ውጪ ፀሐይዋ ከረር ብላለች። ሞራ ደሞ ፀሐይ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የፒስተን አንገትጌ ማብረቅረቅ ጀመረ።

"አየህ ጨርቁን?" አለ ጎሚስታ እየዳሰሰው። "ሐር ነው!" ጣቱ ላይ የቀረውን ሱሪው ላይ ጠረገ። ዞር አልኩ። ዝንብ መጣ። ከዛ ወንድሞቹን ጠርቶ መጣ።

"ዝንቡስ?" አልኩት።

"ዝንብ ማር ላይ ነው የሚያርፈው" አለኝ ፒስተን።

"ሌላም ነገር ላይ ያርፋል።"

"ሽቶ ብነፋበት ዝም ትላለህ?" አለና ማዶ ያለው ሽቶ ቤት ገባ። እኔ ደሞ ሻጯን ገና ከሩቅ ሳያት አወቅኳት። አምና ላምባ ነበር የምትሸጠው። አሁን ጥፍሯን ቀብታ፣ ከዛው ከቢጫው የላምባ ጄሪካን ሽቶ ትቀዳለች።

"እትዬ፣ ይሄ ጄሪካን ታጥቧል?" አልኳት።

"አንተ ታጥበሃል?" አለችኝ። ፒስተንን ከፊትም ከኋላም ነፋችው። ሞራና ላምባ አንድ ላይ ሲሆን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ በግ ሳይታረድ በቁሙ የተቃጠለ ነው የሚመስለው። ጥግ ይዤ ጠዋት የበላሁትን እዛው መለስኩት። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ።

"ትወናው ጨምሯል" አለ ጎሚስታ።

የልጅቷ ሰፈር ስንደርስ አንድ ውሻ ተከተለን። ከዛ ሁለት ሆኑ። በሩ ጋ ስንቆም የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ፒስተንን ከቦ ለሃጩን ያዝረበርባል። አንዱ እጅጌውን ሳብ አደረገው። ፒስተን በሩን ሊያንኳኳ ያነሳው እጁ እዛው አየር ላይ ቀረ። ዞሮ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምላሱ" አለኝ። "አንዴ ብቻ የእውነትህን ንገረኝ። ምን እሸታለሁ?"

ቀልድ አፌ ላይ ሞልቶ ነበር። ዋጥኩት።

"ጃኬቱ በስብሷል። አውልቀው። ናፍጣህ ይሻልሃል።"

"እናትህ ትሙት በል።"

"አልልም። እንዲሁ ነው የምነግርህ።"

ፒስተን ጃኬቱን አውልቆ ወረወረው። ውሾቹ ተሻሙበት፤ ገበሩን በጥርስ በጥርስ ቦጫጨቁት፣ አንዱ አንገትጌውን እንደ አጥንት ይልሰዋል። በጫጫታው በሩ ተከፈተና አባትየው ብቅ አሉ። ረጅም፣ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ አንድ እጥፋት የሌለበት ሰውዬ። ውሾቹን አዩ። ጃኬቱን አዩ። አፍንጫቸውን በመሀረብ ያዙ።

"ያንን ለብሰህ ነው ልትገባ የነበረው?"

"አዎ ጋሼ። ለኔ አይሸተኝም። ጓደኛዬ ነው የነገረኝ።"

ጠጋ አሉት። መሀረቡን አነሱ፣ ሳብ ሳብ አደረጉ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ አንድም ከፍርሃት፣ አንድም ከሽታው።

"ናፍጣ" አሉ።

"ናፍጣ ነው ጋሼ። ጋራዥ ነው የምሠራው። ዛሬ ታጥቤ ነው የመጣሁት፤ ነገ ግን ይመለሳል። ሁሌም ይመለሳል።"

አባትየው ፊታቸውን እንዳጨማደዱ ውሾቹን እንደገና አዩ። አንዱ የጃኬቱን ቁልፍ ውጦ ይስላል። ከዛ ወደ ውስጥ ዞረው ተጣሩ።

"አንቺ! መስኮቱን ክፈቺ። ለልጁም ወንበሩን መስኮቱ ጋ አድርጊለት።"

ፒስተን ገባ። በሩ ተዘጋ።

እኔና ጎሚስታ ከአጥሩ ስር ቁጭ አልን። ውስጥ ልጅቷ ስትስቅ ተሰማ፤ መስኮቱም ተከፈተ። ጎሚስታ ኪሱን ሲደባብስ ከረባቱን አገኘው።

"ምርቃቱን እኔ ልውሰደው፤ ለሱማ አላስፈለገውም" ብሎ አንገቱ ላይ ያስረው ጀመር።

ጃኬቱ አልቋል። ትልቁ ውሻ አፉን ጠርጎ ቀና አለና ጎሚስታን አየው።

"ጎሚስታ" አልኩት ቀስ ብዬ። "ሩጥ።"

"ሂድ ወደዛ፣ ወሬኛ" አለኝ፣ ቋጠሮውን እያጠበቀ።