የህሩይ ሳሙና

«አሁንም አላለቀሰችም?» አለች አንዷ፣ ንፍሮ እየዘገነች።

«ጠብታ የለም። የእናቷ ልጅ እኮ ነው የሞተው።»

ሰው መቼም ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አፉን አይዘጋም፤ የጭሮ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ፈለቀች ሁሉንም ትሰማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ከተቀመጠች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወንድሟ ህሩይ «እህቴ ጋ ውሰዱኝ» ብሎ ተናዞ ስለነበር አስከሬኑ ከአዲስ አበባ መጣላት። ከመኪና ሲወርድ አላለቀሰችም። አፈር ሲለብስም አላለቀሰችም። ማልቀስ ጠልታ አይደለም፤ አንድ ነገር ደረቷ ላይ ተቀርቅሮ እንቢ አላት እንጂ። ያ ነገር ሳሙና ነው ብትል ማን ያምናታል?

ህሩይ የቫትን ሕግ ካረቀቁት የመንግሥት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ደብተሩን ይዞ መጥቶ፣ እሷ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሌላው ወረቀት ከወረቀት ሲገለብጥ፣ እሱ ድሃ ምን እንደሚገዛ በዓይኔ ሳላይ አልጽፍም አለ።

«እቴቴ፣ ግብሩ የማይነካቸው ዕቃዎች ዝርዝር ይኖራል። ምን ላስገባ?»

«እህሉን አንተም ታውቀዋለህ። ሳሙናን ግን እንዳትነካ። ጫት ተራ ያሉት ልብስ አጣቢዎች እንጀራቸው እሱ ነው። ሩብ ሩብ እያስቆረጡ ነው የሚገዙኝ።»

«ሳሙና አይነካም» አለና ጻፈው፤ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

የፈለቀች ጥፋት ማመኗ ነበር። ለሴቶቹ ሁሉ «ወንድሜ ነው የሚጽፈው፣ አይዟችሁ» ብላ አወራች። ሕጉ ሲወጣ ሳሙና ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አከፋፋዩ ዋጋ ጨመረ፤ ሴቶቹም «እስቲ የወንድምሽን ሳሙና ስጪን» እያሉ ይስቁባት ጀመር። ሀዲያ የምትባለው ግን አልሳቀችም። ሩቡን ሳሙና በእጇ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀምጣ ሄደች። በኋላ ማጠቡን ትታ፣ ቦርደዴ ከተማ ወርዳ ሰው ቤት ተቀጠረች ሲባል ተሰማ።

ህሩይ ሲደውል «ቃልህን ምን አደረግኸው?» አለችው። ዝም አለ። ደግማ ጠየቀችው፤ አሁንም ዝም። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ በሐረር አውቶቡስ አንድ ካርቶን ሳሙና ይልክላት ነበር፤ እሷ ሳትከፍት ጓዳ ትደረድረው ነበር።

«አቦ፣ ወይ ሽጪው ወይ እጠቢበት» ትላት ነበር ጎረቤቷ ዘይቱና። «ወላሂ ግትር ነሽ።»

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽበታም እንግዳ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ተስፋዓለም ይባላል፤ ከህሩይ ጋር አንድ ቢሮ የሠራ ሰው ነው። መርዶውን ዘግይቶ ሰምቶ መምጣቱ ነበር።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጋሽ ህሩይ እርስዎን ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም።»

«ሳሙናውንስ አንስቶልዎታል?»

ሴቶቹ ንፍሮ መዝገናቸውን አቆሙ። ተስፋዓለም ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ለሳሙና አራት ስብሰባ ተከራክሯል። በመጨረሻ የበላዮቹ ‹ዝርዝሩ በዛ፤ ከሳሙናና ከላምባ አንዱን ምረጥ› አሉት። ላምባን መረጠ።»

«ላምባ?»

«‹እህቴ ትምህርቷን ትታ በገዛችልኝ ላምባ፣ በኩራዝ አንብቤ ነው ሰው የሆንኩት፤ የገጠር ልጅ ሁሉ ያንብብ› አለ። ‹ለምን አትነግራትም?› ብዬው ነበር። ‹ለአንቺ ብዬ ነው ብላት ጥፋቱን እሷ ላይ መጫን አይሆንም?› አለኝ።»

ፈለቀች እጆቿን አየቻቸው። ያኔ፣ ህሩይ ተማሪ ሳለ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ያን ላምባ የምትገዛው የሰው ልብስ አጥባ ነበር። እሱ ብርሃኑ ሥር ተቀምጦ ብርሃኑን አስታወሰ። እሷ ጓሮ ነበረች፤ የምታስታውሰው ሳሙናውን፣ የተላጠ ጣቷን ነው።

«ልብስ አጥቤ እኮ ነው የገዛሁት» አለች ቀስ ብላ። «አላየኝም ማለት ነው?»

ተስፋዓለም እሱም እጆቿን አየ። እሷ ቀጠለች።

«ደግሞስ አሁን ጭሮ ላይ ኩራዝ የሚያበራ አለ? መብራት ሲጠፋ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያበራው። ሳሙና ግን ይኸው ዛሬም ሩብ ሩብ ይቆረጣል።»

ያላለችውን ልቧ ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቁሙ ያለ ወንድሟን ቀብራው ኖራለች፤ አሁን ይቅር ብትለውም የሚሰማት የለም፤ ይቅር በለኝ ብትለውም እንደዚያው።

ተነሥታ ጓዳ ገባች። ከታች ያለውን፣ መጀመሪያ የመጣውን ካርቶን ስባ አወጣች፤ የላዮቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ካርቶኑን ቀድዳ አንድ ሳሙና ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ዘይቱና ደንግጣ ውሃ በጆግ ይዛ ተከተለቻት።

«አፍስሺልኝ» አለች ፈለቀች፣ ቁጢጥ ብላ።

ዘይቱና አፈሰሰች። ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቢያሹት አረፋ አይወጣውም።

«ይሄ ሞቷል እኮ። አዲስ ላምጣልሽ?»

«ተይው። እሱ የላከው ነው። አፍስሺ።»

ሳሙናው እጇ ላይ ተፈረካከሰ። ፈለቀች ፍርካሹን ሰብስባ፣ መዳፏን ከመዳፏ እያፋተገች ማሸቷን አልተወችም። ጆጉ ባዶውን ቀረ።

«አፍስሺ» አለች እንደገና፣ ሁለት እጇን ዘርግታ።

ዘይቱና ባዶውን ጆግ እጆቿ ላይ አዘነበለችላት።